ጳጉሜን የሌለው ባሕር

ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ እኔ የሚወራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ባሕር ሳታይ ስለ ባሕር ትመራመራለች የሚል ነው። ውሸት ነው። አይቻለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን። ሁለተኛው፣ የገዛ ተማሪዋ ዶክትሬቷን አበላሸባት የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን ያስወራሁት እኔ ነኝ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስናገረው ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምፈራው አለቃም የምጠብቀው እድገትም የለኝም። የምጽፈው ማን ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተሉ ለማስቀመጥ ነው። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ከሚገባቸው ሰዎች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠብቅም።

ኮሌጁ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በሰሜን በኩል በሚገኝ ብርዳማ አገር ነው። ውቅያኖስ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እንደሚገለባበጥ የተማርኩት እዚያ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን ጫፍ የክረምቱ ነፋስ የባሕሩን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘና ጨው የበዛበት ውሃ ይከብዳል፤ የከበደው ይሰምጣል። ከሰመጠ በኋላ ጨለማ በሆነው ጥልቀት ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ ጉዞው በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው። አንድ ጊዜ ግን ወደ ላይ መመለስ አለበት። የኔ ጥያቄ በየት በኩል ይመለሳል የሚል ነበር። በየቦታው ከላዩ ውሃ ጋር ቀስ እያለ እየተደባለቀ ነው የሚወጣው? ወይስ በደቡብ ጫፍ፣ ነፋሱ ሳያቋርጥ የላዩን ውሃ በሚገፋበት በአንድ በኩል?

ተማሪዎች ሲቸገሩ የማነሣላቸው የአባቴን ነገር ነበር። መሬታችን ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ግማሹ ተዳፋት፣ ግማሹ ረባዳ ነው። አባቴ ረባዳው ላይ ባቄላ አይዘራም። ውርጭ ከላይ ቁልቁል ወርዶ እዚያ እንደሚተኛ ያውቃል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ መሆኑን ማንም አላስተማረውም፤ የጠቆረ ባቄላ አይቶ ነው የተማረው። ባሕሩም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ልዩነቱ፣ የባሕሩን ወርዶ መተኛት ቆሞ ማየት የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው። እኔ እዚያ በተማሪነቴ ባሕር ላይ በቆየሁበት አሥራ አንድ ቀን ያየሁት ግራጫ ውሃና ነፋስ ብቻ ነው።

ስለዚህ በኮምፒውተር ይሠራል። ባሕሩ በሣጥን በሣጥን ይከፋፈላል። የየሣጥኑ ሙቀት፣ ጨውና ፍጥነት ይሰላል፤ ጊዜው ትንሽ ወደፊት ይገፋና እንደገና ይሰላል። ውሃው የት እንደደረሰ ለማወቅ በሰሜኑ ገጽ ላይ ቀለም ይጨመራል። እውነተኛ ቀለም አይደለም፣ ቁጥር ነው፤ ግን ውሃው በሄደበት ይሄዳል። ሰምጦ፣ ተጉዞ፣ ተመልሶ ብቅ እስኪል ድረስ ሺህ ዓመት ያህል ማስላት ያስፈልጋል። ትልልቅ ማሽን ያላቸው ሰዎች ይህን በቀናት ይጨርሱታል። የኔ ማሽን የባሕሩን ስልሳ ዓመት ለመሥራት አንድ ወር ይፈጅበታል።

ለዶክትሬቱ እዚያው በተማርኩበት አገር የተመዘገብኩት እዚሁ ሆኜ እየሠራሁ ውጤቱን እንድልክ ነበር። አማካሪዬ የሺህ ዓመቱን ውጤት እስከ የካቲት መጨረሻ ካልላክሁ ምዝገባዬ እንደሚዘጋ ጻፈልኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ሌላ ዕድል እንደማይኖር እሱም እኔም እናውቅ ነበር። ሁሉም ነገር ያ ቀለም በሰዓቱ ብቅ ማለት አለማለቱ ላይ ቆመ።

መብራት በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በየአሥር ዓመቱ የባሕሩን ሁኔታ በሙሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ተነሥቶ ከመጨረሻው ፋይል ይቀጥላል። ሃርድ ዲስኩ ጠባብ ስለነበር ሁሉንም ፋይል ማስቀመጥ አልቻልኩም። አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ፋይሎቹ የተጻፉበትን ቀን አይታ አዲሶቹን ሁለቱን ታስቀራለች፣ ሌላውን ታጠፋለች። አራት መስመር ናት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ በቃሌ የማስታውሳት እሷን ነው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ጎበዝ አልነበረም፤ ግን ከሰው ጋር መሳቅ ይችልበታል። እሱ ኃላፊ ሲሆን የኔን ቢሮ ለሌላ ሥራ ፈልጎ ማሽኔን ተማሪዎች ከሚማሩበት የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ጥግ አስቀመጠው። ከዚያ ጀምሮ ባሕሬ የሁሉም ወሬ ሆነ። አንድ ቀን በመምህራን ሻይ ክበብ፣ ሰው ሞልቶ፣ ከሩቅ ጠራኝ።

«መምህርት፣ ባሕርዎ ዛሬ ስንት ዓመት ሞላው?»

«አምስት መቶ አራት» አልኩ። ሞኝነቴ፣ የምር የጠየቀኝ መስሎኝ ነው።

«እግዜር ያሳድግልዎ» አለ።

ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። ልጅ እንደሌለኝ የማያውቅ አልነበረም። እሱ ያንን አስቦ ይበለው ሳያስብ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። እኔ ግን በዚያው ቀን ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ የዓመቱን ቁጥር እንዳያሳይ አድርጌ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ብቻ እንዲጨምር አደረግሁት፤ ስንት እንደደረስኩ ከእኔ ሌላ ማንም እንዳያውቅ። ሁለተኛ፣ የእሱን ማስታወሻዎች ማንበብ ተውኩ። ከመዝገብ ቤት ሲመጡ እፈርማለሁ፤ እንደ ልማዴ ፖስታው ላይ የደረሰኝን ቀን እጽፋለሁ፤ ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ እጥላለሁ። ሲያልፍ ስብሰባ ላይ እሰማዋለሁ እያልኩ።

በዚያ ዓመት ጳጉሜን ውስጥ ወንድሜ ደወለ። ታላቄ ነው፤ መሪጌታ ነው፤ አማኑኤል ተማሪዎች ሰብስቦ ያስተምራል፣ ከሁሉም በላይ የታወቀው በዘመን ቆጠራ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል ሰው እሱን ነው የሚጠይቀው። እናታችን መተኛቷን ነገረኝ።

«ነይና አስታሚያት» አለ።

«ሥራ ላይ ነኝ። የካቲት ድረስ ማሽኑን ትቼ መሄድ አልችልም።»

«እኔ ቤት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ተማሪ አለኝ። አንቺ ምን አለብሽ?»

ይህችን ጥያቄ ከቤተሰቤ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥርም። ባሕሩ ስድስት መቶ አርባ ደርሶ ነበር። ማሽኑ ካልቆመ በጥር መጨረሻ ሺህ ይጠጋል። ቤተ ሙከራውን ለምትጠብቀው ሴት አደራ ሰጠሁ። ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ቀጥተኛ፣ የተባለችውን የምታደርግ ሴት ናት። እንዳታጠፊው፣ ማንም ወንበሩ ላይ እንዳይቀመጥ፣ በቃ፤ ይህን አልኳትና ልብሴን ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ።

የእናቴ ሕመም ከአራት ወር በላይ የሚቆይ መስሎ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላት ነው ያለፈችው። እኔ አገላብጣታለሁ፣ አጥባታለሁ። ወንድሜ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ከራስጌዋ ይቀመጥና ያነብላታል፤ ሲጨርስ እኔን ይነካካኛል።

«ለመሆኑ ያንቺ ባሕር ዓመቱ ስንት ቀን ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ሦስት መቶ ስልሳ። አሥራ ሁለት ወር፣ ሠላሳ ሠላሳ ቀን። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚቆጥሩት።»

ፈገግ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ጥያቄ የመጣለት መሰለ። «ጳጉሜንንስ የት አደረግሻት?»

«ለሒሳቡ አታስፈልግም።»

«በሺህ ዓመት አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ቀን ጥለሻል ማለት ነው» አለ፤ ለማስላት ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። «ከዚያ ሁሉ ቀን ለእናትሽ የሚሆን አጣሽና ነው ስጠራሽ ያንገራገርሽው?»

እናቴ የተኛች መስሎን ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ «ያ የሚሰምጠው ውሃ ይመለሳል?» አለች።

«ይመለሳል፣ እማዬ። በየት በኩል እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

«መቼ ነው የሚመለስ?»

«በሺህ ዓመት።»

«ታዲያ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?»

ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አብረን የሳቅነው ያንን ቀን ብቻ ነው።

በየሳምንቱ ገበያው ዳር ካለ ሱቅ ለቤተ ሙከራ ጠባቂዋ እደውላለሁ።

«እትዬ፣ እየሄደ ነው። ነጥቡ እየጨመረ ነው» ትለኛለች።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ሁለቴ። ግን ራሱ ተነሣ።»

«የነካው ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም አልነካውም።»

ቁጥር ልጠይቃት አልችልም፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር የለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነጥቡን ቁጠሪልኝ ማለት እችል ነበር። አላልኳትም። ከቆጠረች ታውቃለች፤ ካወቀች ሻይ ክበብ ይሰማል ብዬ ነው። እየሄደ ነው መባሉ በቃኝ።

እናቴ ኅዳር ውስጥ ዐረፈች። አርባዋን አውጥተን፣ የቤቱን ነገር አስተካክለን፣ ከጥምቀት በኋላ ጥቁሬን እንደለበስኩ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ሳልሄድ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ማሽኑ ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ሃያ ሦስት ነጥብ አለ። የመጨረሻው መብራት ከጠፋ ወዲህ ያለው ይሆናል ብዬ ፎልደሩን ከፈትኩ። ሁለት ፋይል አለ። አንደኛው ስድስት መቶ ሠላሳ ይላል። ሌላው ስድስት መቶ አርባ ይላል። ሌላ የለም። ዘጋሁና እንደገና ከፈትኩት።

ከዚያ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ካለው ቀን ላይ አረፈ። አምስተኛ ወር፣ ሁለት ሺህ ይላል። ነገሩ የገባኝ ወዲያው ነው፤ ምናልባት አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጠባቂዋን ጠራኋት።

«ቀኑን ማን ነካው?» አልኳት።

«ቀኑን?» አለች ጠባቂዋ። «ለሚሊኒየሙ ነው እኮ፣ እትዬ። ሁሉም ላይ ነው የተቀየረው፣ ታዝዤ ነው። የርስዎን ፕሮግራም አላቆምኩትም፤ እየሄደ እያለ ነው በጥንቃቄ ያስተካከልኩት።»

ያ አዲስ ዓመት ሁለት ሺህ የገባበት ነው። አገሩ ሁሉ ባንዲራና መብራት ሲሰቅል ኃላፊያችን ደግሞ ከኮምፒውተር የሚወጣው የተማሪ ውጤት ከግርጌው የፈረንጅ ዓመት ይዞ መውጣቱ አሳፈረው። የክፍላችን ኮምፒውተር ሁሉ የኛን ዘመን እንዲያሳይ አዘዘ። መስከረምን አንደኛ ወር፣ ዓመቱን ሁለት ሺህ አድርገው ሞሉት። ኮምፒውተሩ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ እየመሰለው ጥቅምት ሠላሳ የሚባል ቀን ስለማያውቅ ያች ምስኪን በየወሩ መጨረሻ እየዞረች በእጇ ታቃናው ነበር። በኩራት ነገረችኝ።

ለኔ ትእዛዝ ግን ዓለም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ከመስከረም ወዲህ የተጻፈ ፋይል ሁሉ ከጳጉሜኑ ፋይል በሰባት ዓመት ያረጀ መሰለ። አራቷ መስመር የተጻፈችለትን ሥራ ሠራች፤ አዲሱን አሮጌ ነው ብላ እንደተወለደ አጠፋችው። መብራት በጠፋ ቁጥር ባሕሩ ስድስት መቶ አርባ ላይ እየተመለሰ ያንኑ ጥቂት ዓመት ደጋግሞ ኖረ። አራት ወር ሙሉ። እየሄደ ነው ስትለኝ እውነቷን ነበር።

እስከ የካቲት መጨረሻ አምስት ሳምንት ቀርቶኛል። የቀረኝ ባሕር ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት ነው። ከዚህ በላይ የሚሰላ ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው የክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ሆን ብሎ እንዳደረገው ተናገርኩ። ተማሪዬ ሆኖ ዝቅተኛ ውጤት ስለሰጠሁት የቆየ ቂም እንዳለው ተናገርኩ። ሌላም ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጽፌልዎት ነበር፣ መምህርት» አለ።

«አልደረሰኝም።»

«ደርሶዎታል። ፈርመዋል።»

«በእናቴ አጥንት አልፈረምኩም።»

ጥቁር ልብሴን ሁሉም ያየዋል። እናቴ ከተቀበረች ሁለት ወር ያህል ቢሆን ነው። መዝገቡ እንዲመጣ ተጠየቀ፤ መዝገብ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንጻ እየተዛወረ ነበርና ሁሉ ነገር ካርቶን ውስጥ ነው፣ አልተገኘም። እሱ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ይቅር፣ ይተዉት» አለ። ሰው ሁሉ እንደ ጥፋተኛ አየው። እኔ የምዋሽ አይመስለኝም ነበር፤ እውነት ብዬ ነው የማልኩት። ጳጉሜን ላይ ወደ እናቴ ስጣደፍ ምንም ወረቀት እንዳልፈረምኩ እርግጠኛ ነበርኩ።

ለአማካሪዬ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። ሁለት መስመር መለሰልኝ፤ ማዘኑንና ፋይሌ መዘጋቱን። ከሁለት ዓመት በኋላ የኔኑ ጥያቄ ሌላ ተማሪው በትልቅ ማሽን ሠርቶ ታተመ። ውሃው በደቡብ በኩል፣ በነፋሱ ስር ይወጣል ይላል። መልካም ነው። የባሕሩ አከፋፈል ግን የኔ ነበር፤ ምስጋናው ላይ ስሜን ፈልጌ አጣሁት። ይህን አማካሪዬ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ አይቼዋለሁ።

ማሽኑን ለተማሪዎች ወሰዱት። የስድስት መቶ አርባውን ፋይል በሲዲ ገልብጬ ያዝኩ። ኃላፊው በዓመቱ መጨረሻ ከቦታው ተነሣ፤ ክሴ ምክንያት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሉማሜ ወርዶ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል ተባለ። አዲስ አበባ ስመላለስ አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም ሁለት ጊዜ ሻይ ቤት በር ላይ አይቼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ። አንጀቴ የራሰ መስሎኝ ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ጊዜ መሳቢያዬን ባዶ አድርጌ ማስረከብ ነበረብኝ። ከሥር፣ ከቆዩ የፈተና ወረቀቶች ጋር ያልተከፈቱ ፖስታዎች ወጡ። አንዱ ላይ በራሴ እጅ ጳጉሜን ሦስት ተብሎ ተጽፏል፤ አማኑኤል የሄድኩበት ቀን ነው። ቆሜ ከፈትኩት። የኮምፒውተሮች ቀን ከመስከረም አንድ ጀምሮ እንደሚቀየር ይገልጻል። የተለየ ሥራ የሚሠራበት ማሽን ያለው መምህር አስቀድሞ ካሳወቀ የእሱ አይነካም ይላል። ከግርጌው በእስክሪብቶ ተጨምሯል፦ «መምህርት፣ የባሕርዎ ማሽን ይህን የሚወድ አይመስለኝም። አንድ ቃል ይበሉኝና አላስነካውም።»

ያንን ወረቀት ለሦስት ሳምንት በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ማንም አላየብኝም፤ ቀዶ መጣል ይቻል ነበር። በመጨረሻ ሉማሜ ወረድኩ። ያው ሻይ ቤት አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አላነሣውም፤ ከሩቅ አይቶ አወቀው።

«አውቃለሁ» አለ። «መዝገቡ በዚያው ወር ተገኝቶ ነበር። ፊርማዎን አይቼዋለሁ።»

«ለምን አላወጣኸውም?»

«በእናትዎ አጥንት ምለዋል እኮ። አርባቸው በወጣ ማግስት። ያንን መዝገብ ሰው ፊት ገልጬ ምን ልሁን?»

«ሥራህን አጣህ።»

«አጣሁ» አለ። ሻዩን አማሰለ።

ያስተማርኩት ሰው እኔን ከኔው መሐላ ሸፍኖኝ ዓመታት ሙሉ ዝም ማለቱን ያን ቀን ሰማሁ። አመስግኜው ብነሣ ደስ ባለኝ። አልቻልኩም። በመደበቁ የባሰ ተናደድኩበት፤ ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ። በዚያው ወር መዝገቡን ቢዘረጋብኝ ኖሮ አዋርዶኝ ይጨርስ ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን በእሱ ላይ አልጨርስም ነበር። ይህን ለራሱም አልነገርኩትም።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ስነሣ አብሮኝ ተነሣ።

«ባሕሩስ ስንት ደረሰ?» አለኝ።

«ስድስት መቶ አርባ።»

ራሱን ነቀነቀ። እግዜር ያሳድግልዎ ይለኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። አላለም።